«ኔትወርክ የለም» ያልኳቸው ሴት

እትዬ አትጠገብ «ኔትወርክ የለም» የሚል ሰው አይወዱም ነበር። «እንዲህ እሚል ሰው ወይ ሰነፍ ነው፣ ወይ ውሸታም ነው» ይላሉ። «ተይዞ ይሆናል፤ አይነሣ ይሆናል፤ ተቆርጦ ይሆናል። ሦስቱ ሦስት ነገር ነው። ለይቶ መናገር ነው እንጂ፣ የለም ብሎ ነገር ምንድር ነው?»

ባለፈው ወር ቡሬ ላይ አረፉ። ወሬው የደረሰኝ ፍኖተ ሰላም፣ ክፍል ውስጥ ቆሜ ሳስተምር ነው፤ በስልክ መልእክት፣ በአንድ መስመር። ሽማግሌ ይዞ ጎሕ ሲቀድ ደጄ የቆመ ሰው አልነበረም። የማርከሩን ክዳን ገጥሜ ተማሪዎቹን አሰናበትኩና ባዶ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። እናቴ አይደሉም፣ አክስቴም አይደሉም፤ ያለቀስኩት ግን እንደ ልጅ ነው። ከልቅሶው በላይ የሚያንገበግበኝ ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ እሱን ለመናገር ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው።

እኔ ፍኖተ ሰላም በሚገኝ አንድ የቴክኒክ ኮሌጅ የኮምፒውተር ኔትወርክ አስተምራለሁ። ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ ለአጭር ጊዜ ሥልጠና የሚመጡ ናቸው። ገመድ ሊዘረጉ፣ ስልክ ሊጠግኑ፣ ቢቀናቸው ትንሽ ሱቅ ሊከፍቱ። የእንግሊዝኛው መጽሐፍ አልገፋ ቢላቸው ኃላፊዬ «በአማርኛ አዘጋጅላቸው» አለኝ። መዝገበ ቃላት ገዝቼ ቁጭ አልኩ። አንድ ወር ፈጀሁና ኩራት ኩራት እያለኝ ይዤ ገባሁ። «በአንድ መረብ ላይ ብዙ አስተናጋጆች ሊኖሩ ይችላሉ» ብዬ ገና ከማንበቤ፣ ከኋላ አንዱ እጁን አወጣና «መምህር፣ ለአንዱ ሁለት ማኪያቶ ይዘዙልን» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ዝቅ ብሎ «አገልጋዩ ሲወድቅ መረቡ ይቋረጣል» የሚል ነበረበት፤ እሱን ሳነብ ደግሞ በአንድ ደብር የሚቀድሰው ዲያቆን ተማሪዬ «እኔ መቼ ወደቅሁ?» አለ።

እኔ እልኸኛ ነኝ። ተናድጄ ወረቀቴን ስሰበስብ አንዲት የቡሬ ልጅ ቀረብ አለችና «መምህር፣ አይከፋዎት፤ እኛ ሰፈር ድሮ በስልክ ማዞሪያ ይሠሩ የነበሩ ሴትዮ አሉ፤ ይህን ቢሰሙ ግን በዱላ ነው እሚያባርሩዎ» አለችኝ። በሳምንቱ ዓርብ ቡሬ ሄድኩ።

ቤታቸው ወደ ኮሶበር በሚያወጣው መንገድ ዳር ነው፤ ከመናኸሪያው ብዙም አይርቅም። ቀጭን ናቸው፤ አንገታቸው ወደ ግራ ዘንበል ያለ። ስንት ዘመን የስልኩን እጀታ በትከሻቸውና በጆሯቸው መካከል ይዘው፣ በሁለት እጃቸው ገመድ ሲሰኩና ሲነቅሉ እንዳዘነበለ ቀርቷል። ሰው ሲያናግራቸው ዐይናቸውን ይከድናሉ። መጀመሪያ የተኙ መስሎኝ ድምፄን ከፍ አደረግኩ።

«አትጩህ» አሉኝ ዐይናቸውን ሳይገልጡ። «እሰማለሁ። እሚጮኸውማ መስመሩን ያልለመደ ባላገር ነው።»

የጻፍኩትን አነበብኩላቸው። ዱላ አላነሡም፤ ግን ከጻፍኩት አንድም ሳይነቀፍ ያለፈ የለም። «ጥቅል» ብዬ የጻፍኩትን «ጎመን ነው እንዴ?» አሉና «እሽግ» አስደረጉኝ፤ ታሽጎ፣ የላኪና የተቀባይ ስም ተጽፎበት የሚሄድ ነገር ስለሆነ። መልእክቱ ላይ የሚገባውን ብልሽት «ጫጫታ» ብዬው ነበር። «ሽቦ ይንጫጫል? እኛ ንፋስ ገባበት ነው እምንል» አሉ። አድራሻውን አይቶ ለእያንዳንዱ እሽግ መንገድ ስለሚመርጠው መሣሪያ ገና ገልጬ ሳልጨርስ ደረታቸውን በመዳፋቸው መቱ።

«እኔ ነኛ እሱ! ኧረ ተው አንተ ልጅ፣ ሠላሳ ዓመት የሠራሁትን መልሰህ ለእኔ?»

ከዚያ ወዲያ በየዓርቡ መሄድ ልማድ ሆነ። ጠዋት እደርሳለሁ፤ ስድስት ሰዓት ሲሆን «በቃ፣ ጆሮዬ ደከመ፣ ተነሥ» ይሉኛል። አንድ ቀን ሁለት ኮምፒውተሮች ከመነጋገራቸው በፊት ይጨባበጣሉ ስላቸው «በየትኛው እጃቸው?» አሉኝ። አስረዳኋቸው። አንደኛው አለህ ወይ ይላል፤ ሁለተኛው አለሁ፣ አንተስ ትሰማኛለህ ይላል፤ አንደኛው እሰማሃለሁ ይላል። ዋናው ጉዳይ የሚጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። ፈገግ አሉና ድንገት ሌላ ሰው ሆኑ።

«ሃሎ፣ ኮሶበር?»

«ኮሶበር ነኝ፤ ይሰማል ቡሬ?»

«ይሰማል፣ ቀጥይ።»

የሁለቱንም ድምፅ የሚያወጡት ራሳቸው ናቸው፤ የኮሶበሯን ትንሽ ወፈር አድርገው። «ይህን ሳንባባል ገመድ አንሰካም ነበር። ሹም ቢቸኩል፣ ነጋዴ ቢቆጣ፣ መጀመሪያ መሰማማት ነው።»

«መሰማማት» ብዬ ጻፍኩ። የኮሌጁ ጸሐፊ ስትተይበው የፊደል ግድፈት መስሏት «መስማማት» አድርጋ አረመችልኝ። በሚቀጥለው ዓርብ ስነግራቸው ሳቁና «ተዋት። ብቻ ንገራት፤ ሰው ሳይሰማማ አይስማማም» አሉኝ። ያን ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ ክፍል ውስጥ እላለሁ። ማን እንዳለው ግን ብዙ ጊዜ አልናገርም።

ስለ ጥሪ ወረቀት የነገሩኝም እዚያው በር ላይ ተቀምጠን ነው። ያኔ በየቤቱ ስልክ የለም። አዲስ አበባ ያለ ልጅ አባቱን ማናገር ሲፈልግ አስቀድሞ ለቡሬ ስልክ ቤት ያስነግራል። እትዬ አትጠገብ በቁራጭ ወረቀት «አቶ እገሌ፣ ሐሙስ በአራት ሰዓት ስልክ ቤት ይቅረቡ፤ ይፈለጋሉ» ብለው ይጽፉና ወደዚያው አገር ለሚሄድ ገበያተኛ ይሰጣሉ። ሰውዬው ታጥቦ፣ ጋቢውን ለብሶ፣ የግማሽ ቀን መንገድ በእግሩ ተጉዞ ይመጣል።

አንድ ጊዜ ከወምበርማ በኩል አንድ አባት እንዲህ መጡ። ደስ ብሏቸዋል፤ ልጃቸው ከሄደ ወዲህ ድምፁን ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነው። እትዬ አትጠገብ ያን ጊዜ ገና አዲስ ሠራተኛ ነበሩ፤ ምንም ሳይጠረጥሩ አገናኟቸው። በወዲያኛው ጫፍ የነበረው ግን ልጁ አልነበረም፤ የልጁ ጓደኛ ነበር። መርዶውን እዚያው በሽቦ ነገራቸው።

«አላለቀሱም» አሉኝ እትዬ አትጠገብ፣ ዐይናቸውን ከድነው። «እጀታውን መለሱልኝና ምን አሉኝ መሰለህ? ‹ልጄ፣ እስቲ እንደገና አገናኝኝ፤ ምናልባት የሌላ ሰው መስመር ይሆናል› አሉኝ። እኔ ጅሏ አገናኘኋቸው። ሁለተኛ ሰሙት።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደዋዩን አስቀድመው ጉዳዩን ይጠይቁ ነበር። መርዶ ከሆነ በሽቦ አያሳልፉም፤ ለዘመድና ለሽማግሌ ያስነግራሉ፤ ሥርዓቱ በሚያዝዘው መንገድ፣ ቤቱ ድረስ ተሄዶ ይረዳል። ሰው ለመጥራት ግድ የሆነ እንደሆነም ወረቀቱ ላይ ከታች «ብቻዎን አይምጡ» የሚል ይጨምራሉ። ደስታ ሲሆን ግን ራሳቸው ተሯሩጠው ያደርሳሉ።

እትዬ አትጠገብ አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፤ ፈንታነሽ። ከኮሶበር ወዲያ፣ ዱርቤቴ አግብታ እዚያው ትኖራለች። በየሁለት ቀኑ ትደውላለች። ስልኳ ሲጠራ እናትየዋ ወዲያው አያነሡም፤ ሦስት ጊዜ ያስጠሩታል። ለምን ስላቸው «እየጠራችኝ እኮ ነው፤ ይህን ደግሞ ልስማው እንጂ» ይላሉ።

ባለፈው ዓመት፣ መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት፣ ስልክም ሲመጣና ሲሄድ በነበረበት ሰሞን ነው። ዓርብ ማለዳ ወደ ቡሬ ልሳፈር ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ቆሜ ስልኬ ጠራ። የእትዬ አትጠገብ ታናሽ ወንድም፣ አያ ሙላት ናቸው፤ ዱርቤቴ ሆነው።

«ፈንታዬ አልፋለች» አሉኝ። «ሦስት ቀን ነው የታመመች። ትናንት አለፈች። ቀብሯ ነገ ስድስት ሰዓት ነው፣ እዚሁ በባሏ ደብር። እኅቴ አልሰማችም።»

«ዛሬ ይነገራቸዋላ?»

«እንዴት አድርገን? መንገዱ አያስተማምን። እሷም አቅም የላት፤ ይህን ቆማ አታይም። እሁድ ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌ ይዘን እናረዳታለን። አንተ ዛሬ እንደምትሄድ አውቃለሁ፤ ብትቀር ትጠረጥራለች። ሂድ፤ እንደ ወትሮህ ሁን። ብቻ ስልክ እንዳታስነካት። አደራህን።»

አደራ የሚሉት ነገር ከባድ ነው። እኔም ያደግኩበት ሥርዓት ነውና አልተከራከርኩም። እውነቱን ለመናገር ግን አደራው ቀለለኝ፤ ለእናት እንዲህ ያለ ወሬ የሚነግረው ሌላ ሰው መሆኑ፣ እኔ አለመሆኔ አስደሰተኝ። ፈሪ ነበርኩ። ሥርዓቱ መደበቂያ ሆነኝ።

ደርሼ ሰላምታ ተለዋወጥን፤ ደብተሬን ገለጥኩ። እንደ ወትሮዬ ለመሆን ስሞክር ከወትሮዬ በላይ ለፈለፍኩ። እሳቸው ዐይናቸውን ከድነው ሰሙኝና በመሐል አቋረጡኝ።

«ፈንታዬ ሦስት ቀን ሆናት ድምጿን ካጠፋች። የእኔው ስልክ ይሆናል ታማሚው፤ እስቲ ባንተ ሞክርልኝ።»

ስልኬን አወጣሁ። ቁጥሩን የምነካ መስዬ መስታወቱን ዳበስኩት። ጆሮዬ ላይ አደረግኩት፤ የምጠብቅ መሰልኩ። ከዚያም ያን ቃል አልኩ።

«ኔትወርክ የለም፣ እትዬ።»

ዐይናቸውን ገለጡ። «ምን አለህ? ተይዟል? አይነሣም?»

«የለም። ጨርሶ የለም።»

ቃሉ ከአፌ ወጥቶ ሳይጨርስ ስልኬ እጄ ላይ ጠራ። የኮሌጁ ጸሐፊ ናት፤ የገጽ ቁጥር ልትጠይቀኝ። ያን ጊዜ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጥሪው ይጮኻል፤ እኔ አያለሁ፤ እሳቸውም ያያሉ። አንገታቸው ወደ ግራ እንዳዘነበለ ፊቴን ረጋ ብለው ተመለከቱኝ። አልተቆጡም።

«አንሣው እንጂ» አሉኝ። «ሰው እየጠራህ ነው።»

አንሥቼ ምን እንዳልኳት አላውቅም። ስጨርስ እትዬ አትጠገብ ነጠላቸውን አስተካክለው ለብሰው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው ተቀምጠዋል።

«ልጄ» አሉኝ በዝግታ፣ «ለእኔ የተላከ የጥሪ ወረቀት አልያዝክም?»

ምን እንደጠየቁኝ ገብቶኛል። ያልገባኝ መስዬ አላልፈውም፤ የዚህን ወረቀት ትርጉም ያስተማሩኝ ራሳቸው ናቸው። የጠየቁኝ በሚያውቁት ቋንቋ፣ ላይከብደኝ ብለው አቅልለው ነው። አዎ ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። መናገርም አያሻኝ፤ አንገቴን ብነቀንቅ ይበቃ ነበር።

«አልያዝኩም፣ እትዬ» አልኳቸው።

«ደግ» አሉ። «እንቀጥል።»

ቀጠልን። ስድስት ሰዓት ሲሆን ተነሥ አላሉኝም። ሰባት ሆነ። «ሌላ ቃል የለህም?» ይሉኛል። አነብላቸዋለሁ፤ ይመልሱልኛል፤ አንዱን ጽፌ ቀና ስል ፊቴን ሲያዩ አገኛቸዋለሁ። የዚያን ቀን ዐይናቸውን አንድም ጊዜ አልከደኑም። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ወደ ኮሶበር የሚወጣ መኪና ጥሩምባውን እየነፋ በመንገዱ አለፈ፤ እሳቸውም «በቃ፣ ሂድ፣ ይመሽብሃል» አሉኝና እስከ በር ሸኙኝ። እጄን ይዘው ቆዩ። ከዚያ ለቀቁኝ።

እሁድ ጎሕ ሲቀድ ሄድን። አያ ሙላት ዱርቤቴ ቀብረው ተመልሰዋል፤ ሽማግሌዎች አሉ፣ ቄሱ አሉ፣ እኔም ከኋላ አለሁ። እንደ ሥርዓቱ ቀስ ብለን ደጁን ልናንኳኳ ስንል በሩ ክፍት ሆኖ አገኘነው። ቁጭ ብለዋል። አልጋው ያላደሩበት መሆኑ ያስታውቃል። አንድ በአንድ አዩንና፣ ማን ሞተ፣ ምን መጣ ሳይሉ፣ አንዲት ቃል ጠየቁ።

«ተቀበረች?»

«ትናንት» አሉ አያ ሙላት።

የዚያን ጊዜ ነው የጮኹት። እኒያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ ሴት፣ አትጩህ ያሉኝ ሴት፣ መንደሩን ሁሉ ከአልጋው ያስነሣ ጩኸት ጮኹ። ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ከዐርባው በኋላ መልሰው አስጠሩኝ። ደብተሩን ጨረስነው። ስለዚያ ዓርብ አንድም ቀን አላነሡብኝም፤ እኔም አላነሣሁም። ቀለል ብለው ይቀልዱብኛል፤ ጎመንህ እንዴት ነው ይሉኛል። እኔም ራሴን አጽናናሁት። ዓርብም ቢሆን ገብቷቸው ነበር፣ ሥርዓቱን ስለሚያውቁ እስከ እሁድ መታገሥን ራሳቸው መርጠው ነው አልኩ። ይህን እያልኩ ዓመት ሙሉ በሰላም ተኛሁ።

ባለፈው ወር ለቅሶ ደርሼ ድንኳኑ ውስጥ ከአያ ሙላት ጎን ተቀመጥኩ። ሰው ሳሳ ሲል አጎንብሰው አዋሩኝ።

«እኅቴ የዚያን ዓርብ ታውቅ ነበር» አሉኝ።

«አውቃለሁ» አልኩ። «ገብቷቸው ነበር።»

«እኔም ጠየቅኋታ። ከገባሽ ለምን ተነሥተሽ አልመጣሽም፣ ቀብሯ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ነበር፣ ትደርሽበት ነበር አልኋት። ምን አለችኝ መሰለህ? ‹ሳትነግሩኝ እንዴት ብዬ? ከሰው አፍ ሳይወጣ እናት ለቀብር ከተነሣች፣ በልጇ ላይ ሞት ጠራች ማለት እኮ ነው። ደኅና ብትሆንስ? ጫማዬን አድርጌ ነበር የተቀመጥሁት። ልጁ አንዲት ቃል ቢተነፍስልኝ እሄድ ነበር። የመጨረሻው መኪና እስኪያልፍ ይዤው ቆየሁ፤ አልተነፈሰም› አለችኝ።»

«ለምን እስካሁን አልነገሩኝም?» አልኳቸው።

«እሷ ነቻ። ‹አትንገረው፣ ይከፋዋል› ብላኝ ነበር።»

አያ ሙላት ለሚገባው ለቀስተኛ ብድግ አሉ። እኔ መነሣት አቃተኝ። ያን ዓርብ ከቡሬ ስመለስ ደብተሬ ላይ አሥራ አራት ቃል ጽፌ ነበር።